ሳሉ ከክኒኑ ነበር

(ባለፈው እሑድ በሰፈራችን እድር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ አባላት "ጻፊና ላኪልን" ስላሉኝ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። እንኳን በሰላም ተገናኘን። ከመዋጮና ከድንኳን ጉዳይ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆርሰው የሰጡኝን ሊቀመንበራችንን ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። በተለይ እግራችሁ የሚያብጥባችሁ እናቶች አትቁሙብኝ። ስለ እሱም እናወራለን።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ፋርማሲስት ነኝ። 20 ዓመት መድኃኒት ሳድል ኖሬያለሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ደም ግፊት ክኒን ልናገር ነው። ስለ ግፊቱ ራሱ ብዙ ሰምታችኋል። ጨው ቀንሱ ተብላችኋል፣ ተንቀሳቀሱ ተብላችኋል። እኔ የማወራው ክኒኑ ራሱ ስለሚያመጣው ጣጣ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የግፊት ክኒን የምትወስዱ እስቲ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ብዙ ናችሁ። አውርዱት። አሁን ደግሞ ክኒኑ አልተስማማኝም ብላችሁ፣ ለማንም ሳትናገሩ ያቆማችሁ?

ማንም የለም? እኔ ግን አውቃለሁ። በየወሩ ይመጡ የነበሩ እናት ሦስት ወር ይጠፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን ልጃቸው እያለቀሰች ትመጣለች። "እማዬ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ አለ" ትለኛለች። ቤት ስትፈትሽ ያልተነካ ክኒን በፌስታል ሙሉ መሶብ ሥር ታገኛለች። ለምን አቆሙ? እግራቸው አብጦ ነበር። ክኒኑ ኩላሊቴን በላው ብለው ፈሩ። ሐኪሙን መጠየቅ ደግሞ አፈሩ። እኚህ ሴት ጎረቤታችን ነበሩ። እግራቸውን ያሳበጠው ነገር በአንድ ቀጠሮ የሚስተካከል ነበር። በአንድ ቀጠሮ!

ግፊት ክፉ የሚያደርገው እኮ አለማመሙ ነው። 160 ሆኖም ቡና ትጠጣላችሁ፣ ገበያ ትሄዳላችሁ። የሚያማችሁ ክኒኑ ነው። ስለዚህ ሰው በሽታውን ትቶ ክኒኑን ይጠላል። በዚህ አልፈርድባችሁም። የሚሰማችሁ እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2015 አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ከ100 ኢትዮጵያውያን ወደ 16ቱ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኞቹ ደግሞ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም ነበር።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ ስለ ሳል። ሁለተኛ ስለ እግርና ስለ ሽንት። ሦስተኛ ምን እናድርግ ስለሚለው። በሳል ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ታገሱኝ። በቤቴ የደረሰ ነው።

አባቴ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። መስከረም ላይ ግፊት ተገኘባቸውና ኢናላፕሪል ተሰጣቸው። ኅዳር ላይ ሳል ጀመራቸው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሁሉም "ብርድ ነው" አለ። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲታጠን ደግሞ "ጭሱ ነው" ተባለ። ዝንጅብል በማር ጠጡ። ፌጦ ተወቀጠላቸው። የሳል ሽሮፕ ሁለት ጠርሙስ ጨረሱ። ምንም የለም። አክታ የሌለው፣ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር ሳል ነው። ቀን ትንሽ ይሻላል። ማታ ጋደም ሲሉ ይነሳል።

ከዚያ ሰው መጠርጠር ጀመረ። ምን እንደሚጠረጠር ታውቃላችሁ፤ ቲቢ። ሁለት ጊዜ አክታ ስጡ ተባሉ። አክታ ከየት ይምጣ? እንደምንም ሰጡ፤ ነፃ ናቸው ተባለ። ሰው ግን አልተወም። ቅዳሴ ላይ ሲያስሉ ዘወር እያለ ሲያያቸው፣ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ስልክ ስደውል "ደህና ነኝ ልጄ" ይላሉ። ሳል ሲመጣባቸው ስልኩን ለእናቴ ያቀብላሉ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ለገና ሄድን። ጾም ተፈቶ ዶሮ ቀርቧል። ልጄ አያቷን ትወዳለች። ጉርሻ ልትቀበል አፏን ከፍታ ወደ እሳቸው ዞረች። አባቴ እጃቸውን ሰበሰቡ። "እናትሽ ታጉርስሽ" አሏት። በሕይወታቸው ልጅ ሳያጎርሱ ማዕድ ቀርበው የማያውቁ ሰው! ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። እኔ ያን ቀን የበላሁት ዶሮ ጣዕሙን አላውቀውም።

ሌሊቱን በግድግዳው በኩል ሲያስሉ አደርኩ። ጠዋት ጠየቅኋቸው።

"አባዬ፣ ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?"

"ምንም።"

"የግፊቷስ?"

"እሷማ የዘወትር ናት፤ መድኃኒት አይደለችም እኮ።"

እናንተ፣ ይህችን ቃል ያዙልኝ። "የዘወትር ናት።" ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው? መድኃኒት ማለት ሲያመን ወስደን ሲሻለን የምንተወው ነው። በየቀኑ የሚዋጥ ነገር ከቁርስ ጋር ይቆጠራል። ስለዚህ የሳል ምርመራ ላይ "ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ?" ሲባል "አልወስድም" ይባላል። አባቴ አልዋሹም። እውነት የመሰላቸውን ነው የመለሱት።

ክኒኑን አምጡልኝ አልኳቸው። ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው አጠገብ በመሀረብ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ገለጥኩት። ኢናላፕሪል፣ 10 ሚሊ ግራም። እኔ ይህን ክኒን በቀን ስንት ጊዜ ነው ለሰው የማድለው! ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አባቴ ሲያስሉ፣ ምን እንደሚወስዱ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እዚህ መጥቼ የምለፈልፈውም ለዚህ ነው።

ለምን ያስላል? በቀላሉ ላስረዳ። ሳንባችን ውስጥ በብዛት የሚገኝ አንድ ኢንዛይም አለ። እንደ ግቢ ሠራተኛ አስቡት። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር መሥራት ነው። ሁለተኛው ብራዲካይኒን የሚባል ነገር ሲጠራቀም መጥረግ። ኢናላፕሪል ይህን ሠራተኛ "ተቀመጥ" ይለዋል። የደም ሥር ይላላል፣ ግፊት ይወርዳል፤ ጥሩ ነው። ግን ግቢውን ማን ይጥረግ? ብራዲካይኒኑ ይጠራቀማል። አንዳንድ ሰው ላይ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ይኮረኩራል። ሽሮፕ የማይነካውም ለዚህ ነው። ጉንፋን አይደለማ!

ስለዚህ ክኒን አመጣጥ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው። ነገሩ የተጀመረው ከብራዚል እባብ ነው፤ ጃራራካ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ማውሪሲዮ ሮቻ ኢ ሲልቫ የተባለ ብራዚላዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በዚያ እባብ መርዝ ሲሠራ ብራዲካይኒንን አገኘ። በ1960ዎቹ ተማሪው ሰርዥዮ ፌሬራ፣ መርዙ ውስጥ ብራዲካይኒን ቶሎ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ነገር እንዳለ ደረሰበት። ሌሎች ከዚያ ተነስተው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ነው። አትፍሩ፣ ክኒኑ ውስጥ የእባብ መርዝ የለም። ሰው ከመርዙ ተምሮ ነው የሠራው። ግን አያችሁ፣ ብራዲካይኒን ከመጀመሪያው ጀምሮ በታሪኩ ውስጥ አለ። ሳሉ ድንገት የመጣ እንግዳ አይደለም።

ስንቱ ሰው ያስላል? ጥናቶች ቁጥራቸው ይለያያል። ከ10 ሰው አንዱ ብላችሁ ብትይዙ ብዙ አትሳሳቱም። ሴቶች ላይ ይበዛል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ያስላል። አንዳንዱ ከወራት በኋላ ነው። ይሄ ነው የሚያሳስተው! ክኒኑን የጀመራችሁት መስከረም፣ ያሳላችሁ ኅዳር ከሆነ፣ ማን ያገናኘዋል? መድኃኒቱ ሲቀየር አብዛኛው ሰው ላይ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። እስከ 3 ወር የሚቆይበትም አለ።

አደራ፣ እንዳትሳሳቱብኝ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው የቲቢ ምርመራ ማድረግ አለበት። "ፋርማሲስቷ ከክኒኑ ነው ብላለች" ብላችሁ ምርመራውን እንዳትተዉ። ተመርመሩ። ስትመረመሩ ግን "የግፊት ክኒን እወስዳለሁ፣ ስሙ ይሄ ነው" በሉ። ሁለቱንም።

አንድ ድንገተኛ ነገር ደግሞ አለ። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። በስማቸው መጨረሻ "ፕሪል" ያለባቸውን ክኒኖች፣ ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ የምትወስዱ፤ ከንፈራችሁ፣ ምላሳችሁ ወይም ፊታችሁ ድንገት ካበጠ፣ ሳይነጋ፣ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ። እብጠቱ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። እኛ ጥቁሮች ላይ ግን ከሌላው ይበዛል። ዓመታት ከወሰዳችሁት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ያ ሰው ዳግመኛ "ፕሪል" የሚባል ነገር አይቀምስም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለመውለድ የምታስቡ ልጆቼም፣ ይህን ክኒን እየወሰዳችሁ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳትሉ ለሐኪም ንገሩ። ለጽንሱ አደገኛ ነው። ለእርጉዝ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ።

ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። አንዲት እናት መጥተው ራሴን ያዞረኛል አሉኝ። ቦርሳቸውን ከፈትን። ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸው ኢናላፕሪል አለ። ከአሜሪካ ልጃቸው የላከችው ሊሲኖፕሪል ደግሞ በትልቅ ጠርሙስ አለ። ሁለቱንም ይወስዳሉ። "የእዚህኛውን ጠዋት፣ የልጄን ማታ" አሉኝ። ሁለቱ እኮ ወንድማማች ናቸው! የልጅ ፍቅር ነው የተላከው፣ ይገባኛል። ግን አሳዩን። ሳትወስዱት በፊት አሳዩን።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። አምሎዲፒን። አሁን ጤና ጣቢያ ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት በእሱ ነው፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ጣጣው እግር ነው። ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያብጣል። ማታ ማታ ካልሲው ቀለበት ሠርቶ ይታያል፣ ጠዋት ይቀንሳል። ኩላሊታችሁ ተበላሽቶ አይደለም። ክኒኑ ትንንሽ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ውኃው ወደ እግር ይወርዳል። 5 ሚሊ ግራም ከሚወስደው ይልቅ 10 ሚሊ ግራም የሚወስድ ሰው ላይ ይበዛል። ስለዚህ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ሌላ ሊጨምርበት ይችላል። ያበጠው አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ ካመማችሁ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ታዩ።

የሽንት ክኒን የምትሉት ደግሞ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ጠዋት ውሰዱት፤ ማታ ከወሰዳችሁት እንቅልፍ አታገኙም። ቁልቢ ለመሄድ አውቶቡስ ላይ እንዳልቸገር ብለው አምስት ቀን ያቆሙ እናት አውቃለሁ። ለምን አልጠየቁኝም? የመንገዱን ቀን ሰዓቱን እንዴት እንደምናደርገው ከሐኪሙ ጋር እንነጋገር ነበር። ይህ ክኒን ፖታሲየም ሊቀንስና ጡንቻ ሊያሸማቅቅ ይችላል። ሪህ ያለበትንም ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ የእግር አውራ ጣት በሌሊት እንደ እሳት ካቃጠላችሁ ንገሩን።

ማዞር የሁሉም ክኒን ጣጣ ነው። ሕማማት ላይ ስትሰግዱ፣ ከስግደት ስትነሱ ቀስ በሉ። አንድ እጅ መሬት ላይ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ መቆም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምሱ የምትጾሙ፣ ረመዳን የምትጾሙ ወንድም እህቶቼም፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ኑ። ክኒኑ ለማፍጠሪያ ወይም ለሱሑር የሚሆንበትን መንገድ ከሐኪሙ ጋር ማየት ይቻላል። ጾሙ ከገባ በኋላ አትምጡ፣ በፊት!

አባቶች፣ ይህን ደግሞ ለእናንተ ብዬ ነው። ከአንዳንድ የግፊት ክኒን ጋር የወንድ አቅም ሊዳከም ይችላል። አውቃለሁ፣ እዚህ ሰው መሀል አይወራም። አንገታችሁን አትድፉ። ስንት ትዳር በዝምታ ሲቀዘቅዝ አይቻለሁ። ስንት ክኒን በዚሁ ምክንያት ሽንት ቤት ተጥሏል። ለሐኪሙ አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፤ "ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ድሮዬ አይደለሁም" በሉት። ይገባዋል።

ሦስተኛው። ምን እናድርግ?

አታቁሙ። ዝም ብላችሁ አታቁሙ። በተለይ አቴኖሎል የሚባለውን የግፊት ክኒን የምትወስዱ፣ ድንገት ካቆማችሁት ልብ ላይ አደጋ አለው። ከንፈርና ፊት ካበጠ ግን ያኔ ቀጣዩን ክኒን ሳትውጡ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ እሱ ብቻ ነው የተለየው። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር እንዳልኳችሁ ቶሎ ነው፤ ለሌላው ጊዜ አለ። ነገ ጠዋት ሄዳችሁ ተናገሩ። ኢናላፕሪል ካስሳላችሁ አምሎዲፒን አለ፣ ሎሳርታን አለ። ሎሳርታን ያንን ሠራተኛ ስለማይነካው ሳል እምብዛም አያመጣም። አምሎዲፒን ካሳበጣችሁ መጠን ይቀነሳል። አንዱ ካልሆነ ሌላው አለ። ሐኪሙ ግን ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

የጎረቤት ክኒን አትዋሱ። "ለእኔ ተስማምቶኛል፣ ሞክሪው" አትባባሉ። ለወገብና ለጉልበት ብላችሁ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እየገዛችሁ አታመላልሱ። ግፊቱን ከፍ ያደርጉታል። ከኢናላፕሪልና ከሽንት ክኒኑ ጋር ሲሆኑ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ። ምን ይሻላል ብላችሁ ጠይቁን፤ ፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለፋርማሲስታችሁ ስትነግሩ ደግሞ ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ያመጣውን ጉዳት ሞልተን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምንልከው ቢጫ ቅጽ አለን። እኛ ካልጻፍነው የትኛው መድኃኒት በአገራችን ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ማን ይመዘግባል?

አባቴን አልጨረስኩም አይደል? ለገና ማግሥት ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። ኢናላፕሪሉ በአምሎዲፒን ተቀየረ። ለጥምቀት ሳሉ ቀነሰ። ጥር ሳያልቅ ጠፋ። ለፋሲካ ስንሄድ ልጄን ሦስት ጊዜ አጎረሷት። ሁለት ያጣላል ብለው ሦስተኛውን ራሳቸው ጨመሩላት። ሰኔ ላይ ደግሞ ስልክ ደወሉልኝ። እሳቸው ራሳቸው!

"ልጄ፣ ጫማዬ ማታ ማታ ይጠበኛል። ይቺ መድኃኒት ትሆን እንዴ?"

"መድኃኒት" አሉ፤ ሰማችሁ? "የዘወትር" አላሉም።

በሉ እንግዲህ። ለዛሬ ክኒናችሁን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ ብዬ በሊቀመንበሩ በኩል አስነግሬ ነበር። በፌስታልም፣ በመሀረብም፣ በጠርሙስም ያመጣችሁ አላችሁ፤ እያየሁ ነው። ሲስተር እዚያ ጥግ ላይ ግፊት ትለካለች። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። አንድ በአንድ እናያቸዋለን። የማይሰማ ቦታ ማውራት የምትፈልጉ፣ ከጓዳ በኩል ያለችው ክፍል ተከፍታለች። እማማ፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት፤ ከእርስዎ እንጀምር። ይህ የማንኛው ሐኪም ትእዛዝ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወስዱት?